የወንድሜ ሞተር

መኪናው የእኔ ነው፤ ሟቹ ባሌ በቁሙ የሰጠኝ አሮጌ ላንድ ክሩዘር። ሞተሩ ሲሞት ግን ልጄ ሐሙድና የሠፈሩ ወንዶች ኮፈኑን ከፍተው ሲመካከሩ እኔን ያስታወሱኝ ቴምር ሲያልቅባቸው ነው። ስለዚህ ወንድሜ ኸልፋን ከተጋጨ አዲስ ላንድ ክሩዘር የወጣ ሞተር በስጦታ ሲልክልን፣ የመጨረሻው ቃል የእኔ ይሆናል አልኩ።

ሐሙድ መካኒክ ነው። ሞተሩን ዙሪያውን እየዞረ አየው።

"እማ፣ ይሄ እንዲሁ አይገባም።"

"ያው ላንድ ክሩዘር አይደለም እንዴ?"

"ስሙ ነው አንድ። የዘይት መያዣው፣ ኮፓው፣ በፊት በኩል ያበጠ ነው። የእኛዋ ደግሞ ሁለቱን የፊት ጎማ የሚያያይዝ ወፍራም ብረት ከሥሩ አላት። ድንጋይ ላይ ስትዘል ብረቱ ሽቅብ መጥቶ ኮፓውን ይበሳዋል። ቆርጬ ልበየደው።"

"ሰው ሰምቶ የኸልፋን ስጦታ ጎዶሎ ነበር ይበል? እኛ ዘንድ የወንድም ስጦታ እንደመጣ ይወሰዳል እንጂ አይቆረጥም።"

"እማ፣ ፍየል አይደለም እኮ።"

"ግጠም ብዬሃለሁ።"

ገጠመው። አስፋልቱ ላይ መኪናው እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፋ። "እህስ?" አልኩት።

በሐሙድ ሠርግ ቀን ሙሽራዋን ልናመጣ በዚያው መኪና ወጣን። አባቷ ማጢር ቱሪስቶችን ወደ በረሃው አሸዋ የሚያመላልሱ አሮጌ መኪኖች አሉት፤ ከሠርጉ በኋላ ሁሉንም እንዲጠግን ለሐሙድ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። የልጄ እንጀራ ያ ቃል ነበር።

ደጃቸው ለመድረስ ደረቁን ወንዝ ስንሻገር ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ሐሙድ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ጥቁር ዘይት ነጩ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። እልል ይሉ የነበሩት የሙሽራዋ ዘመዶች ዘይቱን ሊያዩ ቀረቡ።

ማጢር መጥቶ በርከክ ብሎ ከሥር አየ።

"ማነው ይሄን የገጠመው?"

"እኔ ነኝ" አለ ሐሙድ።

"ኮፓው ብረቱ ላይ እንደተቀመጠ አላየህም?"

ልጄ ወደ እኔ አልዞረም። ዘይት የነካ እጁን አየ። "አላየሁም፣ አባቴ።"

ከኋላ አንዱ፣ "ሙሽራዋንም በዚሁ ዓይኑ ከሆነ የመረጣት፣ ጠዋት ደንግጦ ይመልሳታል" አለ። ወንዶቹ ሳቁ። ማጢር አልሳቀም።

"መኪኖቼን ሌላ ሰው ይያቸው እንግዲህ" አለና ገመድ ሊያመጣ ተነሳ።

እኛ ሴቶች የምናጠልቀው የፊት ጭንብል ያን ቀን ጠቀመኝ። ከሥሩ ግን ፊቴ ጋለ፣ ላቤ አንገቴ ላይ ወረደ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ሐሙድም እስክሞት አያነሳውም። እሱ ነው የባሰብኝ። ምርኩዜን ይዤ ወረድኩ።

"ማጢር፣ ቁም። ልጄ ዋሽቶሃል። አይቶት ነበር። ቆርጬ ልበየደው ሲለኝ የወንድሜ ስም እንዳይነሳ ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

"እማ፣ ተዪው በቃ።"

"አንተ ዝም በል፣ ውሸት አያምርብህም።" ወደ ማጢር ዞርኩ። "አሁን እነዚያን የሳቁትን ወደዚህ ጥራልኝ። መኪኖቼን ለሐሙድ እሰጣለሁ ያልከውን እነሱ ፊት ድገመው። እኔ ላይ መሳቅ ከፈለጉ ከዚያ በኋላ ይሳቁ።"