ለእጇ ልክ የሚሆን ኳስ

ልብስ ሰፊዋ የራሷን የቦውሊንግ ኳስ ለመግዛት የቆረጠችው የባልደረባዋ የጸሐፊዋ እግር ከተሰበረ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

የሠራተኛ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷና አምስት ባልደረቦቿ ከፋብሪካው አለፍ ብሎ ወዳለው የቦውሊንግ አዳራሽ ይሄዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ወገብ የሚቃናው እዚያ ነበር። የራሱ ኳስ ያለው ሰው ግን ከመካከላቸው አልነበረም፤ ሁሉም ከመደርደሪያው የአዳራሹን ኳስ እያነሱ ይጫወታሉ።

የዚያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ወደ ኋላ ስትወነጭፍ ኳሱ ከእጇ አምልጦ ወደ ኋላ በረረ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታስር የነበረችው የፋብሪካው ጸሐፊ እግር ላይ አረፈ። ሁለት አጥንት ተሰበረ። ቤቱ ሲተራመስ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ እየሮጠ መጥቶ "ምን ተፈጠረ?" ቢል፣ ልብስ ሰፊዋ አፏ እንዳመጣላት "ቀዳዳው ሰፊ ነው! ጣቴን አልያዘውም!" አለች።

ነገሩ በዚያው ጸደቀ። ባልደረቦቿ "እውነቷን ነው፣ የእነዚህ ኳሶች ቀዳዳ ድሮም አያምርም" ብለው አገዟት። የኳሶቹን ቀዳዳ የሚሰረስሩትና የሚጠግኑት የአዳራሹ ሽማግሌ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደተጻፈባቸው ሰማች። ሰምታ ግን ዝም አለች።

ዝም ያለችው ክፉ ሆና አይደለም። ጥፋቱ የኳሱ ነው ብላ ራሷን ለማሳመን እንቅልፍ አጥታ ትታገል ነበር። ጠዋት ጠዋት የቀኝ እጇ ጣቶች ደንዝዘው እንደሚነሱ፣ ቁልፍ ስትቆልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደምትስት የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ባለፈው ወር የመኪናው መርፌ ጣቷን ሲወጋት የነቃችው ኮሌታው ላይ ደም ስታይ ነው። ይህን ለማን ትንገር? እጇ የደከመ ሰፊ ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደምትወርድ፣ ከማሸጊያ ክፍል ደግሞ ብዙ ሳትቆይ ወደ ቤቷ እንደምትሸኝ በዓይኗ አይታለች።

"የራሴ ኳስ ይኑረኝ" አለቻት ታናሽ እህቷን። "በእጄ ልክ ይሠራና ያኔ ያዩኛል።"

"ማን ነው የሚያይሽ እታለም? ማን ምን አለሽ?" አለች እህቷ፤ ግን አብራት ወጣች።

መጀመሪያ የሄዱት የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። ሻጩ ሳጥን ከፍቶ ድፍን ኳስ አሳያቸው። "ጣት ማስገቢያውስ?" ብትለው ትከሻውን ነቀነቀ። "ያንን የሚሠሩት አዳራሹ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ኳስ ይሸጣሉ፤ እዚያው ብትገዙ ይሻላችኋል።"

ልብስ ሰፊዋ የምትሸሸው ደግሞ እዚያን ቦታ ነበር። ግን "አይ ይቅርብኝ" ብትል እህቷ ለምን ማለቷ አይቀርም። ሄዱ።

የሽማግሌው ክፍል ከአዳራሹ ጥግ ያለች ጠባብ ቦታ ናት። መሰርሰሪያው መሐል ላይ ቆሟል፤ ወለሉን የፕላስቲክ ብናኝ አልብሶታል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀበሏቸው። አውቀዋታል፤ ግን ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላሉም።

እህቷ አንዱን የሚያብረቀርቅ ሐምራዊ ኳስ በጣቷ አንኳኳችው።

"ሐብሐብ ነው እንዴ የምታንኳኪው?" አሉ ሽማግሌው።

"ጋሼ፣ ይሄ ያምራል! እሱን ትውሰድ።"

"ማማሩን ያምራል። ግን እሱ ወለሉን ቆንጥጦ የሚጠማዘዝ ነው። ማጠማዘዝ የለመደ ሰው ይፈልገዋል፤ ያልለመደን ሰው ግን ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ዋጋውም የዚህኛው ሦስት እጥፍ ነው።" ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ኳስ አወጡ። "ለጀማሪ ይሄ ተራው ፕላስቲክ ይበቃል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሰርሰሩንም ለብቻ አላስከፍልም።"

"ያገለገለ የለዎትም? እሱ አይረክስም?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ይረክሳል፤ ግን የተሰረሰረው ለሌላ ሰው እጅ ነው። የድሮውን ቀዳዳ ደፍኜ፣ እንደገና ለክቼ፣ እንደገና ሰርስሬ... ተደማምሮ ከአዲሱ አይተናነስም። በክብደት ስንት ቁጥር ነበር የምትይዢው?"

"አሥራ ሁለት።"

"ማን አስያዘሽ?"

"ሁሉም የሚይዙት እሱን ስለሆነ ነው..."

"ክብደት በይሉኝታ አይያዝም፣ እህቴ። አሥር ቁጥር ይበቃሻል። በይ እጅሽን አምጪ።"

ዙሪያውን በልዩ ልዩ መጠን የተበሳ የመለኪያ ኳስ አመጡ። አውራ ጣቷን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት።

"ጠበቀሽ?"

ፊታቸውን አየች። ከፊታቸው የሚነበብ ነገር የለም። "ትንሽ" አለች።

ወደ ሌላው ቀዳዳ ቀየሩት። "ይሄስ?"

"ይሄ ልክ ነው።"

"ይሄ ሁለት ጣት ያስገባል እኮ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። "እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚ። የትኛውን ጣትሽን እንደነካሁ ንገሪኝ።"

ጨፈነች። ጠበቀች። ከውጭ ኳስ ሲንከባለልና የሚመታቸው የእንጨት ፒኖች ሲንጫጩ ይሰማታል። እጇ ላይ ግን ምንም የለም።

"ገና አልነኩኝም" አለች።

"እታለም..." አለች እህቷ። "አውራ ጣትሽን ጨብጠውታል እኮ።"

ዓይኗን ስትገልጥ እውነትም አውራ ጣቷ በሽማግሌው መዳፍ ውስጥ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሽማግሌው እጇን ለቀቁት። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው አንድ ጥቁር ኳስ አወጡና ፊቷ አስቀመጡት። "የዚያን ቀኑ ይሄ ነው። ከመደርደሪያው አውጣው ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ቀዳዳው ልክ ነው። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል፣ እግዜር በቃህ ሲለኝ ነው ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። ለባለቤቴም ሥራ ላቆም ነው አልኳት።" ኳሱን መልሰው ከጠረጴዛው ሥር አስገቡት። "ዛሬ ኳስ አልሸጥልሽም። መጀመሪያ እጅሽን ታይተሽ ነይ። እንዲህ ሆኖ ብለካው ሲሻልሽ አይሆንሽም።"

"ጋሼ፣ እኔ ለሥራ አስኪያጁ..."

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" አሏት። ፊታቸውን ወደ መሰርሰሪያው አዞሩ።

ደጅ እንደወጡ እህቷ አፈጠጠችባት። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ስድስት ወር ይሆነዋል።"

"ስድስት ወር! አንድ ቤት እያደርን! እኔ ባዳ ነኝ?"

"ብነግርሽ ሥራሽን ተዪ ትይኛለሽ። ሥራዬን ትቼ ምን ልሁን? ከመርፌ በቀር የማውቀው ነገር አለ?"

"እሱ ሌላ ነገር ነው። እኚህን ሰውዬ ግን በቁማቸው ቀብረሻቸዋል" አለች እህቷ። ከዚያም አለቀሰች፤ በንዴት ይሁን በሐዘን አይለይም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከመንገዱ ዳር ብዙ ቆመች። በኋላ እህቷን እዚያው ትታ ተመልሳ ገባች፤ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች። ያለችው አጭር ነበር፦ "ቀዳዳው ምንም አልነበረውም። የደነዘዘው እጄ ነው። አውቅ ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ሳበ። "ታዲያ ያኔ ምነው ቀዳዳው ነው አልሽ?"

"ፈራሁ።"

ያለችውን በወረቀት አስፍሮ አስፈረማት። የሽማግሌውን ደብዳቤ ከፋይላቸው እንደሚያወጣ ነገራት፤ የሐኪም ወረቀት ሳትይዝ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ኳስ እንዳታነሳ አስጠነቀቃት።

ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ሄደች፤ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጸሐፊዋ በጀሶ የታሸገ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ ነበር፤ ስታያት ደስ ብሏት "ነይ፣ ነይ ተቀመጪ!" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሳትቀመጥ ሁሉንም ተናገረች።

ጸሐፊዋ ወዲያው አልተቆጣችም። "ሰው ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር ሽማግሌውን እረግም ነበር" አለች። "አንቺንማ ሳዝንልሽ ነው የከረምኩት። እሷ ምን ታድርግ፣ ደንግጣለች እያልኩ።" ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "በይ ሂጂ። በሩን ዝጊው።"

በኋላ የሄደችበት ሐኪም የእጅ አንጓዋ ላይ የተጨመቀ ነርቭ እንዳለ ነግሯት ቀዶ ጥገና አደረገላት። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ፤ መሐለኛው ግን እስካሁን እንደ ባዶ ጓንት ጣት ነው። እንደፈራችውም ወደ ማሸጊያ ክፍል ወረደች። እዚያ ሸሚዝ እያጠፈች ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች፤ እስከ መቼ እንደሚያቆዩዋት የነገራት የለም።

ከቀዶ ጥገናው በአራተኛው ወር ወደ ሽማግሌው ሄዳ ያንን አሥር ቁጥር ሰማያዊ ፕላስቲክ ገዛች። በትክክል ለክተው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ሰጧት። ስለ ቀዳዳው ብዙ አወሩላት፤ ስለ ሌላው ነገር አንድም ቃል አልተነፈሱም። እሷም አልጠየቀቻቸውም። አሁን እሑድ እሑድ ከእህቷ ጋር ብቻ ትጫወታለች፤ የቅዳሜዎቹ ጓደኞቿ ነይ ብለዋት አያውቁም።

ጸሐፊዋም ወደ ሥራ ተመልሳለች። ድሮ ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳሙ ነበር። አሁን ጸሐፊዋ ምርኩዟን እያስቀደመች "ደህና አደርሽ" ብላ ታልፋለች። ልብስ ሰፊዋ "እግዜር ይመስገን፣ እግርሽስ?" ለማለት አፏን ስትከፍት፣ ጸሐፊዋ የቢሮዋን በር ከፍታ ገብታለች።