ደረሰ፣ አልደረሰም

የቦዩን አፍ በአካፋ ከፍቶ ቁልቁል መሮጥ የእናትየው የየጧት ሥራ ነው። እርሻዋ ትንሽ ናት። ከላይ ጎመንና ካሮት፣ መሀል ላይ ለአበባ ሻጮች የምታቀርበው ከሰው ቁመት የሚበልጥ የሱፍ አበባ፣ ከታች ደግሞ በዚህ ሳምንት ያዛወረችው የሰላጣ ችግኝ አለ። ሱፉ ዓይን ስለሚጋርድ ውሃው ታች መድረሱን ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ቶሎ ከዘጋችው ችግኙ ይጠማል፤ ከዘገየች ይጠረጋል። ስለዚህ ትሮጣለች። ወርዳ ታይና «አልደረሰም» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ «ደረሰ!» ትልና ሽቅብ ትበራለች። ለማን እንደምትናገር እሷም አታውቀውም፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ልማዱ ነው።

ከኋላዋ ግራና ቀኙን አቀያይራ ባጠለቀችው ቦት ጫማ ልጇ ትከተላታለች። እናቷ «እምቡጤ» ትላታለች። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ እስካሁን ግን «እማ» እንኳ አላለችም። የቦይ አፍ መክፈት ቀላል ነው፤ የልጅ አፍ በአካፋ አይፈታም። ሐኪሙ ጆሮዋን አይቶ «ደህና ትሰማለች፣ ጊዜዋን ጠብቂ» ብሏል። ከጎረቤቱ አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ሲያጽናና፣ ሌላው ከንፈሩን መጦ ያልፋል። እናትየው ያን ከንፈር ከአረም ለይታ አታየውም።

አባትየው «መጣሁ» ብሎ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ብዙ ወሬ የለም፤ የእናትየው ታላቅ እህትም የምትነዘንዛት በዚሁ ነው። እህትየው ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት፣ ቤቷ ከጧት እስከ ማታ ጫጫታ ነው። መጀመሪያ «ልጅቷን ለአንድ ሳምንት ስጪኝ» አለች፤ ቀጥላ «ለክረምቱ» አለች፤ በመጨረሻ «ትምህርት እስክትጀምር እኔ ዘንድ ትሁን» አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እናትየው ድካም ባናወዛት በአንዱ ቀን «እሺ» አለቻት፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ።

ቅዳሜ ጧት እናትየው የቦዩን አፍ ከፍታ ቀና ስትል፣ እህትየው ባዶ ሻንጣ ይዛ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ልጅቷ ዛሬ ቀድማ ወደ ታች ሮጣ ነበር።

«ልብሷን አዘጋጀሽ?» አለች እህትየው።

«አጥቤዋለሁ።»

«ማጠብማ ካሮትም ታጥቢያለሽ። የታለ?»

«እትዬ፣ ትንሽ ትቆይልኝ። ይሄ ሰላጣ እስኪደርስ።»

«አየሽ? ለሰላጣው ቀን ቆርጠሽለታል። ልጅቷንስ እዚህ ማን ያናግራታል? ጎመኑ? አንቺ ራስሽ 'ደረሰ፣ አልደረሰም' ከማለት ሌላ ምን ታወሪያለሽ?»

እናትየውን ያናደዳት ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ያለ ልጇ የሚያልፈውን ጧት ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን አጠገቧ ያቆየቻት ለልጅቷ ብላ ይሁን ለራሷ፣ በዚያች ሰዓት እርግጠኛ አልነበረችም። አካፋዋን ተደግፋ ልብሱ አልጋው ላይ ታጥፎ እንደተቀመጠ ልትናገር ነበር። ውሃውን ጨርሳ ረስታዋለች።

«ደረሰ!»

ድምፁ የመጣው ከሱፉ ወዲያ ነው።

«እሺ!» አለች እናትየው። በሁለት እርምጃ ቦዩ ዘንድ ደርሳ ጭቃ በአካፋ ዝቃ አፉን ደፈነችው፣ በእግሯም ረገጠችው። የሥራ ጓደኛው ሲጣራ ሰው እንደሚያደርገው አደረገች። ቀና ስትል እህትየው ሻንጣውን ጥላ በእጇ አፏን ይዛለች። እናትየው ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ቁልቁል ስትበር የሱፉ ቅጠል ፊቷን ገረፋት። ልጅቷ ከችግኙ ራስጌ ቆማለች፤ ጫማዋ ውሃ ሞልቷል፤ ሊጠረግ ምንም ያልቀረውን የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ ታሳያለች። «ደረሰ» አለች ደግማ፣ የዘገየ ሠራተኛ እንደሚገሥጽ አለቃ ፊቷን ቋጥራ።

«አዎ እምቡጤ፣ ደረሰ። አንቺም ደረሽልኝ» አለች እናትየው፤ ጭቃው ላይ ተንበርክካም አለቀሰች። ልጅቷ ለለቅሶ ጊዜ አልነበራትም። ጣቷን ገና ውሃ ወዳላገኘው ሁለተኛው ቦይ አዞረች።

እናትየው ወደ ላይ ስትመለስ እህትየው ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«እንግዲህ ሥራ ያላትን ሰው ይዤ አልሄድም» አለች። «ግን በአንድ ቃል አትኖርም። በየቅዳሜው ልጆቼን አመጣልሻለሁ፤ ይጩኹባት።»

«አምጫቸው። ለእነሱም አረም አይጠፋም።»

እናትየው ሁለተኛውን ቦይ ከፈተች። እግሯ ከልማዱ ሊሮጥ ተነሣ፤ ያዝ አደረገችው።

«አትወርጂም?» አለች እህትየው።

«ይነገረኛል።»

ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ሱፉ ጣሉ። እናትየው ግን ሰጋች። የዛሬዋ አንዴ ብቻ ብትሆንስ? ውሃው እየተንፏቀቀ ካሮቱን አጋመሰ።

«ደረሰ!» አለ ድምፁ ከታች፣ ከበፊቱ ጮክ ብሎ።

እህትየው አንገቷን አስግጋ ቦዩን አየችው። «ኧረ ገና ካሮቱ ጋ ነው።»

«አዎ» አለች እናትየው፣ ጥርስ በጥርስ ሆና። «መዋሸትም ጀመረችልኝ።»