ማዕበል የቀበረው

"ባዶ ነው ብለሽ ፈርሚ እንጂ! ቀኑ መሸ እኮ" አለ ሾፌሩ፣ ከገልባጭ መኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ።

የዓሣ ሀብት መርማሪዋ ተንበርክካ አራተኛውን ወንፊት በባሕር ውሃ አለቀለቀችው። ጠጠር ብቻ። ከስንዝር የማትረዝመው ብርማ ዓሣ በየዓመቱ ከቀዝቃዛው ባሕር በማዕበል እየተገፋች ትመጣና እንቁላሏን እዚህ ዳርቻ ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉም እስኪፈለፈል ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ ይሰነብታል። ዘንድሮ መምጣቷን ያየ የለም፤ በምትመጣበት ሰሞን፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ማዕበሉ ሰው ከቤት አላስወጣም። እንቁላል ካልተገኘ ጠጠሩ ለመንገድ ሥራ ይጫናል። ፊርማው የእሷ ነው።

"የለም ከተባለ የለም ነው፣ እህቴ" አለ ሾፌሩ ለስለስ ብሎ። ታናሽ ወንድሟ ነው።

"ትልቁ ዓሣ ይቺን ትንሿን ተከትሎ አይደል የሚመጣው? እሷ ከቀረች ባሌ መረቡን ለማን ሊጥል ነው?"

"እንግዲህ እግዜር ያውቃል።"

"እሱማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።"

አጠገቧ ቆመው ሲያዩ የነበሩት፣ ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት አማቷ በምርኩዛቸው ጠጠሩን ነካ ነካ አደረጉ። "ልጄ፣ ምን ያህል ቆፈርሽ?"

"እንደ ወትሮው፣ አንድ ጋት።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ጠጠር ሲከመርበት የሰነበተውን በጋት? እንኳን እንቁላል፣ እኔም ብተኛበት ተቀብሬ ነበር!"

ሾፌሩ ሳቀ። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ገና መቆፈር ጀመረች። ክንዷ እስከ ክርኗ ሲገባ ጣቶቿ በቅዝቃዜ ደነዘዙ። ያወጣችው እፍኝ ጠጠር እርስ በርሱ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያካክሉ ጠብታዎች፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ። ዓይን አውጥተዋል።

"ተመስገን!" አለችና እዚያው ጠጠሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ወንድሟ ወርዶ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "እኔ እኮ… መፈረምሽ አይቀርም ብዬ፣ ሳትመጪ ትንሽ አስጭኛለሁ።"

"ከየት?"

"ከዚሁ። ከሥሩ አስዝቄ።"

ሽማግሌው ጭነቱን ቀና ብለው አዩት። "እያንጠባጠበ ነው። እርጥበቱ ካልለቀቀው እንቁላሎቹ አልሞቱም።"

ሾፌሩ ጋቢና ገብቶ መገልበጫውን ያዘ። ቢገለብጠው እንቁላሉ እንደሚጨፈለቅ አሰበና ለቀቀው። ጫማውን አውልቆ ጭነቱ ላይ ወጣ።

"ባልዲ አቀብዪኝ" አላት።