ጥቅምት ሠላሳን የማያውቀው ኮምፒውተር

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ሳልነግርሽ ብውል እፈነዳለሁ! ኢንቲሳርን ታውቂያት የለ? ያቺ ረጅሟ በረኛችን። ትናንት ከውድድሩ ከመቅረት ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ ያውም በተወለደችበት ቀን ምክንያት!

እኔ አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ፣ አሶሳ ላይ ለሚደረገው የሴቶች ኳስ ውድድር ተጫዋቾች ሲመዘገቡ አግዛለሁ። ፕሮግራሙን የሠራው ሙሌ ነው፣ የአጎቴ ልጅ። እኔ ስምና የትውልድ ቀን እሞላለሁ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ወደ ዳታቤዙ ይልካል፤ ዳታቤዝ ማለት የሁላችንም መረጃ የሚከማችበት ቋት በይው። እዛ ያልገባች ልጅ አትጫወትም። ምዝገባው ደግሞ ትናንት ቀትር ላይ ነበር የሚዘጋው።

የኢንቲሳርን ጻፍኩ፦ ጥቅምት 30 ቀን 2002። «ላክ» የሚለውን ስነካው ቀይ ጽሑፍ መጣ። «ቀኑ ትክክል አይደለም።»

«እንዴ! የተወለድኩበትን ቀን ከኔ በላይ ያውቃል?» አለች ኢንቲሳር።

«ገና አልተወለድሽም እያለሽ ነው» አላት ሙሌ እየሳቀ።

«ያልተወለደ ሰው ጎል ሲጠብቅ አይተህ ታውቃለህ?»

ደግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ። ኔትወርኩ ይሆናል ብለን አጥፍተን አበራነው፣ እምቢ። እስቲ ብዬ 28 ስጽፍ ወዲያው ተቀበለ!

«በቃ 28 ትሁን» አለ ሙሌ።

«ከዛ ሜዳ ላይ የልደት ካርዷን አይተው አጭበርባሪ ናት ብለው ያባርሯታላ!» አልኩት።

ኢንቲሳር ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች። ኢንቲሳር! ያቺ ቀልደኛ! ያኔ ነው በጣም የደነገጥኩት።

ቀጥሎ ከባምባሲ የመጣችው የሀዊ ተራ ደረሰ። የተወለደችው ጳጉሜ 3። እሷንም እምቢ! ወዲያው አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«ሙሌ፣ ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው አይደል? ፕሮግራምህ የኛን ቀን እንዴት አድርጎ ነው የሚቀይርለት?»

«ቀላል ነው፣ ዓመቱ ላይ ስምንት ይደምራል።»

«ወሩንስ?»

ሙሌ ጎንበስ ብሎ የጻፈውን ኮድ ማየት ጀመረ።

«ሙሌ! ጥቅምት ለኛ ሁለተኛ ወር ነው። እሱ ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪ ይመስለዋል። ፌብሩዋሪ ሠላሳ የት አባቱ አለ? ሀዊን ደግሞ አስራ ሦስተኛ ወር ላይ ተወለደች ብለኸዋል!»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወይኔ ጉዴ! ያለፉትም እኮ የተቀመጡት በተሳሳተ ቀን ነው ማለት ነው!»

ግን ልጁ ሲጀምር ጣቱ ይበራል፣ አልዋሽሽም። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ወሩንም አንድ ላይ ቀይሮ እንዲልክ አደረገው። እኔ ስልኬ ላይ ባለው የቀን መቀየሪያ እያመሳከርኩ አየሁለት፤ የኢንቲሳር ኖቬምበር 9፣ 2009 ሆነ። አየሽ፣ ለሷማ የሚደመረው ሰባት ነበር!

ዓይኔን ጨፍኜ «ላክ»ን ነካሁ።

አረንጓዴ! ሀዊን ላክን፣ አረንጓዴ! የቀደሙትንም ሁሉ፣ ከማንቡክ የመጡትንም ከማንኩሽ የመጡትንም፣ እንደገና አስተካክለን ላክን። አንዷም አልተመለሰችብንም። ቀትር ሆኖ ምዝገባው ሲዘጋ እኛ እየጨፈርን ነበር።

የኢንቲሳር አንገት ላይ ተጠምጥሜ «ተወለድሽ! ተወለድሽ!» እያልኩ ጮህኩ። ላቧን እየጠረገች ያለችኝን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ወላሂ፣ እናቴ ስትወልደኝ እንኳ እንዲህ አላማጠችም!»