ለየገንዳው የራሱ ቧንቧ

እህቴ የዓሣ ጫጩት እያስፈለፈለች ለአርቢዎች ትሸጣለች። አምና በሽታ ገባና ገንዳዎቹን ጠራርጎ ባዷቸውን አስቀረባት። የእንስሳት ሐኪሙ፣ በሽታውን ያዛመተው ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚፈሰው ውኃ ነውና ለየገንዳው የራሱ ቧንቧ ይዘርጋለት አላት። ባንኩ ግን «ነገ የሚሞት ዓሣ መያዣ አይሆንም» ብሎ መለሳት። የቀረን ታላቅ ወንድማችን ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ቋጥሬ» የሚለው፣ ሳንቲም ከእጁ በጉጠት እንኳ የማትወጣ።

መጣና ደርቀው በተሰነጣጠቁት ገንዳዎች መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተንጎራደደ።

«ለዓሣ የግል ቧንቧ?» አለ። «እኔ ራሴ ከጎረቤት ጋር ከአንድ ቧንቧ አይደል የምቀዳው?»

«ጋሼ» አለች እህቴ፣ «ልጆች ሳለን አንተን ኩፍኝ ሲይዝህ እማዬ ከማን ጋር አስተኛችህ?»

«ከእናንተ ጋር ነዋ። አልጋው አንድ!»

«ከዚያስ?»

ጺሙን አሻሸ። «ሁላችሁም ላይ ወጣ» አለና ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ አንቺ ምላሳም! ግን በትርፉ እኩል ሸሪክ ነኝ።»

«ሲሶ!»

«ይሁን፣ ሲሶ።»

ገንዳዎቹ ተለሰኑ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፤ በሩ ላይም በሽታ እንዳይገባ የሚመጣው ሁሉ ጫማውን የሚነክርበት የመድኃኒት ሳፋ ተቀመጠ። ዘንድሮ ጫጩቶቹ ከብዛታቸው የተነሳ ውኃውን አጥቁረውታል። አሁን ያስቸገረን ወንድማችን ነው፤ በየሳምንቱ እየመጣ በር ይጠብቃል። ባለፈው የእህቴ ባል ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ሊያልፍ ሲል ያዘው።

«በባዶ እግርህ የት እንደረገጥክ ማን ያውቃል? ንከር!»