ሐኪም ያልሆነችው ጎረቤት

ክፍል ሙሉ ተማሪ ያላሳበዳትን የእንግሊዝኛ መምህርት የገዛ ታናሽ ወንድሟ ሊያሳብዳት ነው። ሹፌር ነው፤ ለአዲስ ሥራ የእንግሊዝኛ ፈተና ስላለበት እሁድ ከሰዓት ቤቷ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

"ስማኝ" አለችው ለስንተኛ ጊዜ። "ሁለት ሐሳብ ስታያይዝ ለሰው 'ሁ'፣ ለዕቃ 'ዊች'። በቃ! በል አሁን መጽሐፉ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ በለው፦ አጠገባችን የምትኖረው ሴት ሐኪም ናት።"

"አይደለችም።"

"ምን አይደለችም?"

"ሐኪም አይደለችማ! ፀጉር ሠሪ ናት እኮ።"

"ምሳሌ ነው! ም-ሳ-ሌ!"

"ታዲያ እትዬ፣ ለምሳሌ ተብሎ ይዋሻል?"

ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች። "እሺ፣ የገዛሁት መኪና ቀይ ነው።"

"ምን መኪና አለኝ? ዕድሜ ልኬን የሰው ነው የምነዳው" አለ ቅር ብሎት።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ኧረ ጨጓራዬን ላጥከው! እንግዲያው እውነት የሆነውን ራስህ ጻፍ!"

እርሳሱን ነከስ አድርጎ አሰበና አንዲት መስመር ጽፎ ሰጣት። ቀይ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ስህተት ፈለገች፤ አጣች። 'ሁ' በቦታዋ ቁጭ ብላለች፣ አንድ ፊደል እንኳ አልተዛነፈም። ዓረፍተ ነገሩ "የምታስተምረኝ እህቴ ትጮኻለች" ይላል።

"እኔ ነኝ የምጮኸው?! እኔ?!"

ይሄኔ ሐኪም ያልሆነችው ጎረቤት ግድግዳውን በቡጢ ደበደበች።