ጋዙ እስኪመጣ

ሐብተማርያም የአማቱን ሞት የሰማው ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ኢገን ከተማ ከሚሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ሊወጣ የመኪናውን ሞተር ሲያስነሳ ነው። የደወለው የሚስቱ የፀዳለ ታናሽ ወንድም ነበር። «ጋሼ፣ አባባ አረፈ» ብሎ ሲያለቅስ ቆየና፣ እህቱ በስልክ እንዳትሰማ፣ ሰው ተሰብስቦ በወጉ እንድትረዳ አደራ አለው። ሐብተማርያምም አደራውን ተቀበለ። መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ገና ሳይነጋ ይመጣል፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቤቱ ሰው አይጎድልበትም።

ችግሩ ቤቱ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት አበሻው ሁሉ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ ቤት ሲገዛ፣ እሱ ዋጋው ቀነስ ይላል ብሎ ሃያ ደቂቃ ወደ ሰሜን አለፈና ኢስት ቤተል ገዛ። የከተማዋ ስም ቤተል መሆኑን እንደ በጎ ምልክት ቆጥሮታል፤ ሰው ሊገዛ ልቡ ከተነሳ ምልክት አያጣም። ቤቱ የተባረከ ዕለት ትልቁን ሳሎን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ከእንግዲህ ለሠርግም ለለቅሶም የሰው ቤት አንለምንም» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። የከተማው የጋዝ ቧንቧ እዚያ ድረስ እንደማይደርስ፣ ከጓሮ የተጋደመው ነጭ ታንከር በየክረምቱ ፕሮፔን የሚሉትን ጋዝ ካልጠጣ ቤቱ እንደማይሞቅ ግን ልብ አላለውም። ከዚያ የፕሮፔኑ ዋጋ ወጣ፣ የመብራቱም ወጣ። ኢገን ድረስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት የሚመለስበት ቤንዚንም አብሮ ወጣ። በዚህ ክረምት ያ የተመካበት ሳሎን በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበት ተዘጋ። እሱና ፀዳለ ከልጃቸው ከትሕትና ጋር ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራሉ፤ ማሞቂያውም ከሃምሳ ስምንት ዲግሪ ፋራናይት ፈቀቅ አይልም። ፀዳለ በምትሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ስትለፋ ውላ፣ ቤቷ ስትገባ ካፖርቷን ደርባ ወጥ ትሠራለች።

የዚያን ዕለት ማታ ጓሮ ወጥቶ የታንከሩን ቆጣሪ አየ። ከመቶ አሥር ይላል። ሃምሳ ሰው እየገባና እየወጣ፣ በሩ በጥር ብርድ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ አሥሯ ሁለት ቀን አትዘልቅም። ካለቀች ደግሞ የውኃው ቧንቧ ሁሉ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል። አምና ክፍያ ስላዘገየ ጋዝ አቅራቢው ድርጅት ገንዘቡን አስቀድሞ ካልተቀበለ መኪና አይልክለትም፤ የሚልከውም ከሁለት መቶ ጋሎን ጀምሮ ነው። ደመወዝ የሚገባው ዓርብ ነበር። አራት ቀን ምን አላት፣ እሳቸው እንደሆኑ አንዴ ሞተዋል ብሎ አሰበ፤ ወዲያውም በገዛ ሐሳቡ አፈረ።

ከናይሮቢ የስደት ዘመናቸው ጀምሮ ወዳጁ የሆነው ደረሰ በበነጋው ደወለ። በማኅበረሰቡ ውስጥ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ያለ ደረሰ አይቆምም፤ ወሬው ደርሶት ስለ ነበር ለረቡዕ ማለዳ ሰው ልጥራ ወይ ሲል ጠየቀ። ሐብተማርያም ፀዳለን ጉንፋን ጥሏታል፣ ትንሽ ትጠንክር አለው። እውነቱን ቢናገር ደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጋዙን ገንዘብ እንደሚያሰባስብ ያውቃል። ግን የሰው ቤት አንለምንም ያለ አፍ፣ ቤቴ ብርድ ነው ማለት አቃተው። ደረሰም አምኖት፣ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ ብሎ ለአምስት ሰው ነገረ። አምስቱ ለሌላው ነገሩ።

ሐሙስ ፀዳለ እንደ ልማዷ አባቷ ጋ ደወለች። ወንድሟ አንስቶ፣ አባባ እንጦጦ ጸበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አላት። ደስ አላት። ማታውን ሙሉ አባቷ በመጨረሻ የልጆቻቸውን ምክር ሰምተው ጸበል ስለ መግባታቸው ስታወራ አመሸች፤ ሐብተማርያም እንጀራውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሳህኑን አጠበ።

ዓርብ ደመወዙ እንደገባ ከፈለ። የድርጅቱ ሴትዮ በትሕትና አመስግና፣ በብርዱ ምክንያት ትዕዛዝ ስለበዛ መኪናው የሚመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው አለችው። ለመናት። ሚስቴ አባቷ ሞተዋል አላት፣ አዝናለሁ አለችው። ጨምሬ ልክፈል አላት፣ ቀኑ በገንዘብ አይቀርብም አለችው። ስልኩን ዘግቶ መጋዘኑ ጥግ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ማንን እንደሚሳደብ እንኳ አላወቀም።

እሑድ የፀዳለ የሥራ ባልደረባ ልጅ ክርስትና ነበር፤ ግብዣው ሌክ ስትሪት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሐብተማርያም መንገዱ በረዶ ነው፣ ቤንዚኑም ይቆጠብ ብሎ ሊያስቀራት ሞከረ። ፀዳለ ግን «ሐብቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ በብርድ ተኮራምቼ ነው የከረምኩት፤ ዛሬ እንኳን ሰው መሀል ልሙቅ» አለችው። ይዟት ሄደ።

አዳራሹ የሞቀ ነበር። ፀዳለ ካፖርቷን አወለቀች፣ በላች፣ ጠጣች፣ ሙዚቃው ሲደምቅ ተነሳች። በእስክስታ የሚችላት የለም፤ ድሮም ስትጨፍር አይቶ ነው የወደዳት። ሌላ ቀን ቢሆን ሰዉ ከብቦ ያጨበጭብላት ነበር። ያን ዕለት ግን ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደየወንበራቸው ተመለሱ፣ አንዲት እናትም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቷ ከሞቱ ሰባተኛ ቀናቸው ነው፣ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል፣ መርዶ ያለ ወጉ አይነገርምና ማንም ትንፍሽ አይልም። እሷ ብቻዋን መሀል ቀርታ፣ እየሳቀች፣ ና ተነሳ እያለች በእጇ ትጠራዋለች። ተነስቶ ሊይዛት፣ ሊያስቆማት፣ አቅፎ ከአዳራሹ ሊያወጣት አሰበ፤ ግን ምን ብሎ? ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀምጦ አያት።

ደረሰ መኪና ማቆሚያው ላይ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

«ይህ ግፍ ነው፣ ሐብቴ። ምንድን ነው የምትጠብቀው?»

«ጋዝ» አለው። «ሐሙስ ይመጣል።»

ደረሰ ለምን አልነገርከኝም ብሎ መቆጣት ጀመረና ተወው። የእኔ ቤት ይሁን እንዳይል እሱም ያለው አንዲት ክፍል አፓርታማ ናት። ደግሞስ ዛሬ ስትጨፍር የዋለችን ሴት ነገ ጠዋት እንዴት ብሎ ሰው ያረዳታል? ሁለቱም ይህን አሰቡና ለዓርብ ማለዳ ተቀጣጥረው ተለያዩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናው መጣና ታንከሩን ሞላ። ፀዳለ ገና ከሥራ አልተመለሰችም ነበር። ሐብተማርያም የሳሎኑን ብርድ ልብስ አወረደ፣ ወንበር ደረደረ፣ በሩን መልሶ ዘጋ። ዓርብ ጎህ ሊቀድ ሲል ከአጠገቧ ቀስ ብሎ ተነስቶ ማሞቂያውን ሰባ ሁለት ላይ አደረገው። የሚመጡት ሽማግሌዎች ብርድ እንዳይመታቸው ነው። በክረምቱ ሙሉ እንዲህ ደፍሮ አያውቅም። ሰዎቹ መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው፣ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገብተው ሳሎኑን ሞሉት። ቄሱና ደረሰ ፎቅ ወጥተው ሊቀሰቅሷት ተነሱ።

አልደረሱም። ፀዳለ ደረጃው ላይ በሌሊት ልብሷ ቆማለች፤ ሙቀቱ ቀስቅሷት ፊቷን አልቧታል። ግድግዳውን በመዳፏ ይዛ ነበር። ሰዉን አላየችም፤ ያየችው ባሏን ብቻ ነው።

«ማን ሞቶ ነው ቤቱ የሞቀው?» አለችው።

ቄሱ «አባትሽ…» ብለው ገና ሳይጨርሱ ሴቶቹ ሮጠው ያዟት፣ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዙ፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ሐብተማርያምም አሥራ ሁለት ቀን አፍኖት የከረመውን ለቅሶ ለቀቀው፤ ለአንድ አፍታ ነገሩ ሁሉ በወጉ የሄደ፣ የጠበቀውም ለመልካም የሆነ መሰለው።

«ዛሬ እኮ አሥራ ሁለታቸው ነው» ብላ አንዲት ሴት ከጀርባ ስትናገር ፀዳለ ሰማች። ቀና አለች።

«መቼ ነው?»

«ያለፈው ሳምንት ሰኞ» አለ ሐብተማርያም። መዋሸት አልቻለም። «ቤቱ ብርድ ነበር፣ ፀዲ። ጋዙ ትናንት ነው የመጣው።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ቀኑን እየቆጠረች ነበር። ሐሙስን አለፈች፣ ዓርብን አለፈች፣ እሑድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ በዙሪያዋ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። እሑድ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ናቸው።

«ስጨፍር ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

ለቅሶዋ ቆመ። እጇን የያዙትን ሴቶች ቀስ ብላ አስለቀቀቻቸውና ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ደረሰ መሬት መሬት ያያል፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዳብሳሉ። ሐብተማርያም ሊጠጋት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እንዳትነካኝ አላለችውም፣ ፊቷን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረች። ሃምሳ ሰው በሞቀው ቤት ውስጥ ቆሞ፣ እስክታለቅስ ጠበቀ።